አሮጌ ሞተር ሲያንኳኳ፦ ከሚኤሶ እስከ ጭሮ አቀበት የሚሰማውን ድምፅ ስለ መመርመር

(ለሕዝብ ክፍት ከነበረ ገለጻ የተገለበጠ ጽሑፍ)



ገለጻዬን በሁለት መኪናዎች እጀምራለሁ። የመጀመሪያዋ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለቤቷ ከገለምሶ አካባቢ የመጡ ቡና ነጋዴ ናቸው። መኪናዋን አዲስ አበባ አሠርተው ሲመለሱ እስከ አዋሽ ድረስ ምንም አልሰሙም። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣውን አቀበት ሲጀምሩ ግን በቆርቆሮ ውስጥ የሚናጥ ጠጠር የሚመስል ድምፅ ከሞተሩ ይወጣ ጀመር። ጭሮ ደርሰው ያሳዩት መካኒክ "ብሮንዚን ይመታል፤ ሞተር ይውረድ" አላቸው። ሰውየው ለጥገናው ሁለት በሬ ሊሸጡ ተነሥተው ነበር። በመጨረሻ ግን የሞተሩ አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ የእሳቱ ሰዓት በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ሲመለስ ድምፁ ጠፋ። በሬዎቹም ሳይሸጡ ቀሩ።

ሁለተኛዋ የጭነት ሃይሉክስ ናት። ሾፌሯ ወጣት ነው፤ የኮሮላዋን ወሬ ሰምቷል። የእርሱ ሞተር ማንኳኳት ሲጀምር "አቦ፣ የኔንም እሳት ትንሽ መልሱልኝ" አለ። መለሱለት። ድምፁም በእርግጥ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ላይ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ቀድዶ ወጣ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት እንጂ ለሌላ ነገር አልዋለም።

ሁለቱም ሰዎች ለመካኒኩ የነገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ "ሞተሬ ይመታል።" አንደኛው ሊከስር የነበረው ቀላሉ ሕመም ከባድ ተብሎ ስለ ተነገረው ነው። ሁለተኛው የከሰረው ከባዱን ሕመም በቀላሉ መድኃኒት ስላስታመመ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አሳብ ከዚህ ይነሣል። ድምፅ ብቻውን የሕመሙን ስም አይነግረንም። ስሙን የሚነግረን ድምፁ የሚመጣበትና የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ የመርማሪው ሥራ ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን ሁኔታውን ሆን ብሎ መለወጥና ድምፁ እንዴት እንደሚመልስ መመልከት ነው።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ ለምን ክብደት አለው? በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በመቻራ፣ ሰውንና ምርትን የሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። የውሳኔዎቹ ምክንያት ለዛሬው ርእሳችን አይደለም፤ ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው። አሁን በእጃችን ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ከእኛ በስተምሥራቅ በሐረር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረውን ፔጆ 404 ለታክሲነት ለአሥርተ ዓመታት ያገለገሉ ሰዎች አሮጌ ሞተር በጥንቃቄ ከተያዘ ምን ያህል እንደሚቆይ አሳይተውናል።

ድምፁ ከየት ይወለዳል?

ከመከለያው ሥር የሚሰሙትን ኳኳታዎች በሦስት ቤተ ሰብ ልከፍላቸው እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ቤተ ሰብ የቃጠሎ ድምፅ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ በሥርዓት እየበላ ወደ ዳር መሄድ አለበት። ግፊቱና ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የዳር ድብልቅ በራሱ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። ፍንዳታው በሲሊንደሩ ውስጥ የግፊት ሞገድ ያስነሣል፤ ሞገዱም ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲሊንደሩን እንደ ደወል ያስጮኸዋል። የደወሉ ቃና በሲሊንደሩ ስፋት ይወሰናል። ለምሳሌ የፔጆ 404 ባለ 1,618 ሲሲ ሞተር የሲሊንደር ስፋት 84 ሚሊ ሜትር ነው። በጋለው ጋዝ ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 950 ሜትር ያህል ነው ብንል፣ የመጀመሪያው ቃና 6,600 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። የጠጠር መንቀጫቀጭ የሚመስለው፣ ቀጭንና ሹል የሆነው ድምፅ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቤተ ሰብ የክፍተት ድምፅ ነው። ቢየላው ክራንክሻፍቱን በሚያቅፍበት ቦታ በመካከላቸው ለስላሳ የብረት ሽፋን አለ፤ በጋራዥ ቋንቋ ብሮንዚን የምንለው ነው። በብሮንዚኑና በክራንክሻፍቱ መካከል የሚፈቀደው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያንሳል፤ በብዙ ሞተሮች ከአምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይርቅም። ይህን ክፍተት ዘይት ይሞላዋል። ክራንክሻፍቱ ሲዞር ዘይቱን ጎትቶ ከሥሩ ስለሚያስገባው ብረት ብረትን ሳይነካ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ብሮንዚኑ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ ያመልጣል፣ ቢየላውም አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ክራንክሻፍቱን እንደ መዶሻ ይመታል። ይህ ድምፅ ወፍራምና ድፍን ነው። የፒስቶን፣ የፒስቶን ፒን፣ የቫልቭና የታይሚንግ ሰንሰለት ኳኳታዎችም የዚሁ ቤተ ሰብ አባላት ናቸው።

ሦስተኛው ቤተ ሰብ የጎረቤት ድምፅ ነው። የላላ የሞተር መቀመጫ፣ ያረጀ የውሃ ፖምፕ ኩሽኔታ፣ የተሰነጠቀ የጭስ መውጫ፣ የላላ የፍላይ ዊል ብሎን ሁሉ እንደ ሞተር ሕመም ሆነው ይሰማሉ። ሞተር በከንቱ እንዲወርድ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው።

አቀበቱ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ቡና ነጋዴው ኮሮላ እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ ዝም ያለ ሞተር ሚኤሶ ላይ ለምን ጮኸ? መልሱ በመንገዱ ከፍታ ውስጥ አለ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ወደ 89 በመቶ ይደርሳል። ጭሮ ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ግፊት በአምስተኛ ያህል ይጨምራል። ብዙ አየር ማለት ብዙ ግፊት፣ ብዙ ግፊት ማለት ደግሞ ለድንገተኛው ፍንዳታ መቅረብ ነው።

በደጋ የሚሠራ መካኒክ በጆሮው ብቻ ታይሚንግ ሲያስተካክል እሳቱን ወደ ፊት ያስቀድመዋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይችለዋል፤ ጉልበትም ይጨምርለታል። ካርቡራቶሩንም ቤንዚን እንዲቆጥብ ያቀጥነዋል። በደጋ ይህ ሁሉ ደግ ሥራ ነው። ያው መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ካርቡራቶሩ ግን መወፈሩን በሙሉ አያውቅም። ድብልቁ ከስድስት እስከ ዘጠኝ በመቶ ይበልጥ ይቀጥናል። ቀጭን ድብልቅ፣ የቀደመ እሳት፣ የሚኤሶ ሙቀትና በሙሉ ጭነት የሚወጣ አቀበት በአንድ ላይ ሲገናኙ ጠጠሩ ይናጣል። ሜዳው ላይ ከአዋሽ እስከ አሰቦት ያልተሰማው ጭነቱ ቀላል ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ኮሮላዋ አልተበላሸችም ነበር፤ የተስተካከለችው ለሌላ አገር አየር ነው።

የቃጠሎ ድምፅ ሌሎች ምክንያቶችም አሉት። ነዳጅ በሚጠፋበት ወቅት በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፤ ላምባ የቤንዚኑን ፍንዳታ የመቋቋም አቅም፣ ማለትም ኦክቴኑን፣ በእጅጉ ያወርዳል። በቃጠሎ ክፍል የተጠራቀመ ጥቀርሻና የተደፈነ ራዲያተርም ያንኑ ያደርጋሉ። አንድ ምክንያት ግን በተለይ በአሮጌ ሞተር ላይ ይታያል፤ እርሱም በተደጋጋሚ የተላጠ ቴስታታ ነው። ስፋቱ 84፣ የምቱ ርዝመት 73 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ውሰዱ። የመጭመቂያ ምጣኔው 8 ለ 1 ከነበረና ከቴስታታው አንድ ሚሊ ሜትር ከተላጠ፣ የቃጠሎ ክፍሉ ከ58 ሲሲ ወደ 52 ሲሲ ገደማ ይጠባል፤ ምጣኔውም ወደ 8.7 ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተግሎ ሦስት ጊዜ የተላጠ ቴስታታ ያለው ሞተር ከፋብሪካ የወጣው ሞተር አይደለም።

አምስቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። የሞተር ዘይት ልኩን ካየን በኋላ አምስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንጠይቃለን።

አንደኛ፦ ድምፁ የሚበረታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ይህ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን መንገድ ያደርሰናል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ ጠዋት በሲሊንደሩ ውስጥ ላልቶ የሚንኳኳ የአሉሚኒየም ፒስቶን ሲሞቅ ክፍተቱን ሞልቶ ዝም ይላል። ከጭስ መውጫው ስንጥቅ የሚያመልጥ ትንፋሽም እንዲሁ ብረቱ ሲለጠጥ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ብሮንዚን ግን በተቃራኒው ነው። ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱን ሸፍኖ ያቆየዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ድምፁም ይበረታል። "ጠዋት ጠዋት ያንኳኳል፣ ከዚያ ይተወዋል" የሚል ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ አለው። "ጠዋት ደኅና ነው፣ ሲግል ይመታል" የሚል ግን ቶሎ መቆም አለበት።

ሁለተኛ፦ ጭነት ሲጨምርና ሲቀንስ ምን ይሆናል? የቃጠሎ ድምፅ ጭነት ይፈልጋል። አቀበት ላይ ከፍ ባለ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ይመጣል፤ ማርሽ ሲወርድ ወይም እግር ሲነሣ ወዲያው ይጠፋል፤ ቆሞ በሚኒሞ አይሰማም። የቢየላ ብሮንዚን ደግሞ በደቂቃ 2,000 ወይም 2,500 ዙር ላይ ይዘነው እግራችንን ከነዳጅ ላይ በምናነሣበት ቅጽበት ጎልቶ ይሰማል፤ ምክንያቱም በዚያ ቅጽበት በቢየላው ላይ ያለው ኃይል አቅጣጫውን ይለውጣል። ክራንክሻፍቱ በሞተሩ አካል ላይ የሚያርፍባቸው ዋና ብሮንዚኖች ሲበሉ ድምፁ ይበልጥ ይወፍራል፤ መኪናው ከቆመበት በጭነት ሲነሣ ከሥር የሚሰማ ድብታ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚለወጥ ድምፅ ደግሞ ወደ ክራንክሻፍቱ የጎን ልቅነት፣ ወደ ፍላይ ዊሉ ወይም ወደ ካምቢዮ ይመራናል።

ሦስተኛ፦ በስንት ዙር አንድ ጊዜ ይመታል? በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሚኒሞው በደቂቃ 800 ዙር ከሆነ የአንድ ቫልቭ ድምፅ በደቂቃ 400 ጊዜ፣ በሴኮንድ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ይሰማል። ጆሮ ይህን መቁጠር ይቸግረዋል፤ ነገር ግን ታይሚንግ የምናይበት መብራት አለን። መብራቱ በአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ገመድ ላይ ሲያያዝ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይበራል። ድምፁ ከብልጭታው ጋር እኩል ከሄደ የካምሻፍትና የቫልቭ ወገን መሆኑን እንጠረጥራለን፤ በአንድ ብልጭታ ሁለት ጊዜ ከመታ የክራንክሻፍት ወገን ነው።

አራተኛ፦ ከየት ይሰማል? እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላዔኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛን ደረት ማዳመጡ የሐኪሞችን ማዳመጫ ወለደ። የእኛ መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር አድርገው የሚሠሩት ያንኑ ነው። ነገር ግን ብረት ድምፅን ሩቅ ይወስዳል፤ ስለዚህ "እዚህ ጎልቶ ተሰማ" ማለት "እዚህ ተወለደ" ማለት አይደለም። ቴስታታ ላይ፣ የሞተሩ ወገብ ላይና ኮፓው ላይ እያዳመጥን እናነጻጽር። የጎረቤት ድምፅን ለመለየት ቺንጊያውን ለአጭር ጊዜ ፈትቶ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ በውሃ ፖምፑ ወይም በዲናሞው ዘንድ ነው። ልብስና ፀጉር ከሚዞር ነገር ይራቁ።

አምስተኛ፦ አንዱ ሲሊንደር ሥራ ሲያቆም ምን ይሆናል? በአሮጌ የቤንዚን ሞተር የአንዱን ካንዴላ ገመድ አውጥተን በአስተማማኝ ሁኔታ ከሞተሩ አካል ጋር እናገናኘዋለን። በዚያ ሲሊንደር የሚገፋ ኃይል ስለማይኖር፣ ጥፋቱ የዚያ ሲሊንደር የቢየላ ብሮንዚን ከሆነ ድምፁ በግልጽ ይቀንሳል። የፒስቶን ፒን ከሆነ ድምፁ አይጠፋም፤ አንዳንዴ እንዲያውም እጥፍ ይሆናል። ዋና ብሮንዚን ከሆነ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች ሲቆሙ ለውጡ ይታያል። የቫልቭ ድምፅ ግን እምብዛም አይለወጥም። ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥሎ መተው የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያን ያቃጥላል፣ ሰውንም ይመታል።

የሃይሉክሱ ሾፌር ታሪክ እዚህ ላይ ይፈታል። እሳቱ ሲመለስ በቢየላው ላይ የሚያርፈው የግፊት ጫፍ ስለሚቀንስ የብሮንዚን ድምፅም ይለዝባል። ድምፁ መቀነሱ እውነት ነበር፤ ከዚያ የተወሰደው ትርጉም ግን ስሕተት ነበር። ያ ሞተር ሲሞቅ ይብስበት ነበር፣ እግር ሲነሣ ይመታ ነበር፣ በሚኒሞም ይሰማ ነበር። ሦስቱ መልሶች በአንድ አፍ "ክፍተት" እያሉ ሳለ አንዱን መልስ ብቻ ሰማነው።

ስለ ናፍጣ ሞተር አንድ ቃል ልጨምር። በአይሱዙና በሌሎች የናፍጣ ሞተሮች ቃጠሎው ራሱ ተፈጥሮው ማንኳኳት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚበረታውም ናፍጣው ለመቀጣጠል ስለሚዘገይ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጮህ አንድ ሲሊንደር ካለ መጀመሪያ መርጫው ይፈተሽ። የድሮ ሜካኒካል ፖምፕ ባለው ሞተር የአንዱን መርጫ ቧንቧ በማላላት ሲሊንደሩን ማቆም ይቻላል፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ የመብሳት ኃይል ስላለው እጅ ፈጽሞ አይቅረብ። በአዲሶቹ የኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ ግን ይህ ዘዴ ለሕይወት አስጊ ስለሆነ አይሞከርም።

ዝምታም ምልክት ነው

እስካሁን ስለ ድምፅ ተናገርሁ። ዝምታም ሊያታልል ይችላል። የቫልቭ ክፍተቱ የሰፋ ሞተር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ባለቤቱ ይሰለቸውና "ዝም አሰኙልኝ" ይላል። መካኒኩ ከልኩ በላይ ያጠብቀዋል፤ ሞተሩም ዝም ይላል። ነገር ግን ከልክ በላይ የጠበቀ ቫልቭ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቫልቭ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ጊዜ ስለሆነ፣ ካላረፈ ይቃጠላል።

ለአሮጌ ሞተሮች ነገሩ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚድግሌይና ባልደረቦቹ የእርሳስ ውሑድ በቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ፍንዳታውን እንደሚያስታግሥ ደረሱበት። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫዎችንም ከመበላት ይጠብቅ ነበር። የሰውን ጤና፣ በተለይም የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ ግን ዓለም ተወው፤ በመጨረሻ ለመኪና መሸጡን ያቆመችው አገር እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ ናት። መተዉ ተገቢ ነበር። ሆኖም ለእርሳስ ቤንዚን የተሠሩ ጠንካራ መቀመጫ የሌላቸው ሞተሮች ቫልቮቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ቴስታታው ይሰምጣሉ። ቫልቩ ሲሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሞተሩም ከወር ወር ይበልጥ ዝም ይላል። ዝምታው ጤና አይደለም። ስለዚህ በአሮጌ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት በጆሮ ሳይሆን በልክ መለኪያ ይፈተሽ።

ያገለገለ መኪና የምትገዙም ይህን አስቡ። በጣም የወፈረ ዘይት የተበላ ብሮንዚንን ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኘዋል። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ የፒስቶኑን ድምፅ አትሰሙም። ቀዝቅዞ እንዲነሣ ጠይቁ፤ ከዚያ ሞቆ አቀበት እስኪወጣ ድረስ አብራችሁ ተጓዙ።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ከአምስቱ ጥያቄዎች በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፦ የዘይት ልክና ግፊት፣ ቺንጊያና የሞተር መቀመጫ፣ የጭስ መውጫ፣ የነዳጁ ምንጭ፣ ታይሚንግ፣ የቫልቭ ክፍተት። መልሶቹ ወደ ብሮንዚን ካመለከቱ ግን ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ከዚያ ወዲያ እያስነሡ ማዳመጥ ራሱ ጉዳት ነው። ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ፣ በፀሐይም ይታይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ኮፓው ይከፈትና የቢየላ ብሮንዚኖቹ ይታዩ። በብዙ ሞተሮች ይህ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነው። ክራንክሻፍቱ ገና ካልተጎዳ ጥቂት ብሮንዚን በመቀየር ሊድን ይችላል። ከተጎዳ ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ግምት ሳይሆን የታየ ማስረጃ ያለው ውሳኔ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቃጠሎ ድምፅም አለ። እሳትን መመለስ የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ከልክ በላይ የዘገየ እሳት ጉልበት ይነሣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሞተሩን ያግላል። ልኩ በመብራት ታይቶ ከአምራቹ መግለጫ ጋር ይነጻጸር፤ መኪናው የሚውለው በቆላም በደጋም ከሆነ የሚመረጠው ለቆላው የሚስማማው ነው። ደጋ ላይ የሚቀርብን ጥቂት ጉልበት ነው፤ ቆላ ላይ የምናተርፈው ፒስቶኑን ነው።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በስልክ ድምፅ ቀድተን በኮምፒውተር መለየት አንችልም ወይ?

መልስ፦ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። ዘመናዊ ሞተሮች ያላቸው የኖክ ሴንሰር የሚያዳምጠው ቅድም ያሰላነውን ዓይነት ቃና ነው፤ የስልክ ማይክሮፎንም 6,600 ኸርዝን በደንብ ይይዛል። ነገር ግን ቀረጻው ያለ ሁኔታ መግለጫ ዋጋ የለውም። ሙቀቱን፣ ዙሩን፣ ማርሹን፣ የቦታውን ከፍታ አብራችሁ ካልመዘገባችሁ ኮምፒውተሩም እንደ ቸኮለው መካኒክ ይገምታል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ደንበኛ ሞተር ላወረደ ይከፍላል እንጂ ላዳመጠ አይከፍልም። ሁለት ሰዓት መርምሬ "ምንም አልሆነም፣ እሳቱ ነው" ብለው ምን ይሰጠኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዛሬው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ በፊዚክስም አይመለስም። ለምርመራ የማይከፍል ገበያ መካኒኩን ወደ መፍታት ይገፋዋል፤ ጥፋቱም የአንተ ብቻ አይደለም። የምመክርህ የአምስቱን ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ጽፈህ ለደንበኛው እንድትሰጠውና ዋጋውን ሥራውን ከመጀመርህ በፊት እንድትነግረው ነው። ሰው ለቃል መክፈል ይከብደዋል፤ በእጁ ለያዘው ወረቀት ግን ይከፍላል። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድም ያ መካኒክ ከዜሮ አይጀምርም። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ የቤት ሥራ አለን፤ ተማሪዎቻችንን ሞተር ፈትቶ በመግጠም ብቻ ሳይሆን ሳይፈቱ በመመርመርም እንፈትናቸው። ባለ በሬዎቹ ነጋዴ የዳኑት መፍቻ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው "አዲስ አበባ ላይ ያንኳኳ ነበር ወይ?" ብሎ ስለ ጠየቃቸው ነው።